አጨበጨቡለት

አጨበጨቡለት። አሥራ አንድ ወንዶች ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ሁለቱ እንባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ፣ አንድ ዓመቴን ለቀማኝ ሰው አጨበጨቡለት። እኔ ደግሞ ፊት ለፊታቸው ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ እንደ ሙሽራ ተኮፍሼ ተቀምጫለሁ። አንድ ቀን አልፎታል፤ ይህን ስጽፍላችሁ ግን ንዴቴ ገና አልበረደም።

ከሳምንት ሳምንት ለምትከተሉኝም፣ ዛሬ ገና ለምትተዋወቁኝም ነገሩን ከሥሩ ላስይዛችሁ፤ አለበለዚያ ንዴቴ ቅብጠት ይመስላችኋል።

ሥራዬ ሰው ሠራሽ እግር መሥራት ነው። እግሩን በመኪና አደጋ ወይም በስኳር በሽታ ያጣ ሰው ወደ ወርክሾፓችን ሲመጣ፣ የቀረለትን እግር ለክቼ በጀሶ ቅርጹን እወስዳለሁ፤ ከዚያ በልኩ ፕላስቲኩ ይሠራለታል። እኔ የምችለው ግን ከጉልበት በታች ያለውን ብቻ ነው። ከጉልበት በላይ ለተቆረጠ ሰው መታጠፊያ ያለው እግር ለመሥራት የአንድ ዓመት ሥልጠና ያስፈልጋል። ማሠልጠኛው በአውቶብስ የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ በዓመት የሚቀበለውም አሥር ሰው ብቻ ነው። ስንቱን «አዝናለሁ፣ ያንተን አልችልም» ብዬ በክራንቹ እንደ መለስኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

የምወደው ሰው ከወርክሾፓችን ጎን ያለው ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው። እንደ ብሎን መፍቻ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ጓደኞቹ «ካቻቢቴ» ይሉታል፤ እናቱ ራሷ ሌላ ስሙን ረስታዋለች። የተዋወቅነው የአንድ ሽማግሌ እግር ብሎን አልፈታ ብሎኝ የጎረቤት መሣሪያ ልዋስ የሄድኩ ቀን ነው። መሣሪያውን ይዞ ራሱ መጣ፣ ሽማግሌው እግር ሥር ተንበረከከ፣ ብሎኑን አንዴ ዞር አደረገና ደንግጦ ቀና አለ። «አባባ፣ አሳመምኩዎት እንዴ?» ሽማግሌው «ኧረ ልጄ፣ ፕላስቲክ እኮ ነው!» ሲሉት ጆሮው ድረስ ቀላ። ያን ጊዜ ቀና ብሎ ያየኝ አስተያየት ነው ጉድ ያደረገኝ። ሜትር ከአንገቴ ስለማይወርድ «ሜትሬ» ብሎ ሰየመኝ፤ እነሆ ሦስት ዓመት ሞላን።

አባዬ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው። ሁለት ነገር አይዋጥለትም፤ ሥራዬና ካቻቢቴ። «የዳኛ ልጅ ቀን የሰው ጉቶ ስትለካ ትውላለች፣ ማታ ዘይት የጠገበ እጅ ይዛ ትዞራለች» ይል ነበር፣ እኔ እንድሰማው ጮክ ብሎ ለራዲዮኑ እየነገረ። ሕግ እንድማርለት ነበር ምኞቱ።

ከዓመት በፊት ለሥልጠናው አመለከትኩ። መልሱ የሚመጣው በአባዬ ፖስታ ሣጥን ነው፤ አንዱ ቁልፍ እሱ ጋ፣ አንዱ እኔ ጋ። መልሱ በሚጠበቅበት ሳምንት ትኩሳት ይዞኝ አልጋ ላይ ዋልኩ። ቁልፌን ለካቻቢቴ ሰጠሁት። ሄዶ ተመለሰና «ምንም የለም» አለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ስደውል ማሠልጠኛው «ደብዳቤ ልከንልሽ መልስ ስላልሰጠሽ ቦታሽን ለሌላ ሰጥተናል» አለኝ። እንግዲህ ሁለት ቁልፍ ነው ያለው። አንዱን የያዘው የሚወደኝ ሰው ነው፤ ሌላውን የያዘው ሥራዬን የሚንቅ ሰው ነው። ፍርዱ ለእኔ ግልጽ ነበር። አባዬ ፊት ቆሜ አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩ፣ ልብሴን በሻንጣ ከትቼ ወጣሁ፣ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር አልተነጋገርንም።

በዚያ ክፍል አባዬን ስረግም ካቻቢቴ ራሴን ይደባብሰኝ ነበር። ግን ፀባዩ ተለወጠ። በትንሽ በትልቁ ይጮኻል፤ ስልኬን ይበረብራል። አንድ ቀን ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ስስቅ አየኝና ቤቴ ድረስ መጥቶ የግድግዳ መስታወቴን በቡጢ መታው። ከዚያ ደም የሚንጠባጠብ እጁን ይዞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «መስታወቱ ተሰበረ።» በገዛ ራሱ ተነሥቶ የተሰበረ ይመስል! «ወይ ጤና ጣቢያ ያለው የሐሙሱ የወንዶች ስብስብ ትገባለህ፣ ወይ ከዛሬ ጀምሮ ደጄን አትረግጥም» አልኩት። ገባ።

ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ አሥራ ሁለት ወንዶች ቁጣቸውን መግታት ሊማሩ በጤና ጣቢያው ስብሰባ ክፍል ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። የሚመሯቸው ድሮ ነርስ የነበሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚሏቸው። በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ አንድ ፊደል ብቻ ጻፉ፤ «ተ»። ከከበቧት በኋላ በላይዋ መስመር አሳለፉባት። «እዚህ ክፍል ውስጥ ይቺ ፊደል ታግዳለች» አሉ። «መስታወቱ ተሰበረ፣ ሳህኑ ተወረወረ፣ ቃሉ ተረሳ የለም። ማን ሰበረ? ማን ወረወረ? ማን ረሳ? ቆማችሁ በራሳችሁ አፍ ትናገራላችሁ።»

ወሬው ማቆሚያ ስለሌለው «ፍሬን» የሚሉት ታክሲ ነጂ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ 'ታግዳለች' አሉ። ማን አገዳት?»

ጋሼ ትንሽ አሰቡና ከወንበራቸው ተነሥተው «እኔ አገድኳት» ብለው አረሙት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ አሉ።

ካቻቢቴ ይህን ሲነግረኝ እኔም ስቄ ነበር። እየቆየ ግን መሥራት ጀመረ። አንድ ቀን ቀጥሮኝ አንድ ሰዓት አርፍዶ መጣ፤ «መንገዱ ተዘጋግቶ» ብሎ ሊጀምር አፉን ከፈተና ዘጋው። «ዘገየሁ» አለኝ። «ዘግይቼ ነው የተነሣሁት።» በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ «ዘገየሁ» የሚል ወንድ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው! ሌላ ቀን ደግሞ፣ «ስልኬ ጠፍቶ... አይ። አጥፍቼው ነበር፤ ተኮራርፈን ስለነበር ላናግርሽ አልፈለግኩም። ጋሼ 'ጠፋ'ም የ'ተ' ዘመድ ናት ብለውናል።» እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት አትወዱትም? ወደድኩት። ከድሮው አብልጬ ወደድኩት።

እንግዲህ ያለፈው ሰኞ ሁለት ነገር ባንድ ቀን መጣ። የጀሶ ክፍል ኃላፊያችን፣ እኛ «እትዬ ጀሶ» የምንላቸው፣ የማሠልጠኛውን ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወሩልኝ። «ዘንድሮም ምዝገባ ተከፍቷል። አምና ያመጣሽውን ነጥብ ይቆጥሩልሻል፤ ደውዬ ጠይቄያለሁ። እስከ ዓርብ ሙዪና ላኪ፤ ያን ሁሉ ሰው በክራንች የምትመልሺው እስከ መቼ ነው?» አሉኝ። እኔ ቅጹን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ካቻቢቴ ገና ሰው ወደ መሆን ሲመለስ አንድ ዓመት ጥዬው ልሂድ? ልቤ እሺ አላለኝም።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ በጋራዡ የሥራ ካርድ ጀርባ የተጻፈ ደብዳቤው ደረሰኝ።

«ሜትሬ፣ ቅዳሜ የስብስባችን የቤተሰብ ቀን ስለሆነ ነይልኝ። ከሰው ፊት የምነግርሽ ትልቅ ነገር አለ። ለብቻሽ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ሞክሬ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ከነገርኩሽ በኋላ ዓይን ዓይኔን ካየሽኝ፣ ከዚያ ወዲያ የምፈልገው የለም።»

እትዬ ጀሶ ከትከሻዬ በላይ አነበቡት። ጓንታቸውን ፈልቅቀው እጃቸውን አጣመሩ። «ከሰው ፊት? ትልቅ ነገር? አንቺ ልጅ፣ ይሄማ ቀለበት ነው!»

«ኧረ እትዬ፣ ዝም ይበሉ!»

«ሰማያዊውን ልበሺ። ደግሞ ጀሶውን ከጥፍርሽ ሥር አውጪ፤ ጣትሽን ሲይዝ ግድግዳ የሚለስን እንዳይመስለው።»

እነዚያን አምስት ቀናት እንዴት አድርጌ እንዳሳለፍኳቸው አትጠይቁኝ። መንገድ ላይ ብቻዬን እስቅ ነበር። የሥልጠናው ቅጽ ያለበትን መሳቢያ አንድም ቀን አልከፈትኩትም፤ ዓርብም እንዲሁ አለፈ። ደስታ እንዲህ ያጀዝባል።

ቅዳሜ የስብሰባው ክፍል በፕላስቲክ ወንበር ተሞልቷል። ሚስቶች፣ እናቶችና እህቶች ባንድ ወገን፣ ወንዶቹ በሌላው። ሰሌዳው ላይ የተሰረዘችው «ተ» አለች። ካቻቢቴ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጁን በቤንዚን ፈትጎ መጥቷል። ሲያየኝ ዓይኑን ሰበረ። አፈረ አልኩ በሆዴ፤ የኔ አፋር።

ተራው ደረሰና ቆመ። እኔ ሳላስበው ፀጉሬን አስተካከልኩ።

«ከአሥር ወር በፊት» ብሎ ጀመረ፣ «ታማ ተኝታ የፖስታ ሣጥን ቁልፏን ሰጠችኝ። ሣጥኑ ውስጥ ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው...» አለና የተሰረዘችውን «ተ» አየ። «ደብዳቤውን አየሁት። ወሰድኩት። ጋራዥ ወስጄ የመሣሪያ ሣጥኔ ሥር ደበቅኩት። እሷን 'ምንም የለም' ብዬ ዋሸኋት። ከሄደች አትመለስም ብዬ ፈራሁ። እኔ ነኝ ያደረግኩት።»

ፈገግታዬ ፊቴ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ቃሉን ሰምቼዋለሁ፤ ትርጉሙ ግን ወደ ውስጥ አልገባ አለኝ። ቀለበት ስጠብቅ ነበር እኮ።

ያን ጊዜ ነው ያጨበጨቡለት። መጀመሪያ ፍሬን፣ ከዚያ የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ፣ ከዚያ ሁሉም። «ጎበዝ!» ይሉታል። «ወንድ ማለት ይሄ ነው!» ይሉታል። አንዱ ትከሻውን ይመታዋል። ካቻቢቴ ከባድ ሸክም እንዳወረደ ሰው ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰና ሊቀመጥ ወንበሩን ሳበ። ከሁሉ ያንገበገበኝ እሱ ነው፤ ቀለለው። እሱ የጣለውን ሁሉ እኔ ተሸከምኩት፤ እሱ ግን ቀለለው።

«እንዳትቀመጥ!» ብዬ ጮህኩ።

ጭብጨባው ቀጥ አለ። እግሬ እንዴት እንዳስነሣኝ አላውቅም። «እናንተ ግን ተቀመጡ። ምን ያስጨበጭባችኋል? ገና መች ጨረሰ!»

«ሜትሬ...» አለ።

«ሜትሬ አትበለኝ። ጨርስ። ደብዳቤዬን ማን ወሰደው ብዬ ነበር ያመንኩት?»

ከንፈሩ ነጣ። «አባትሽ።»

«አባቴን ስረግም፣ ቤቱን ጥዬ ስወጣ፣ አንተ የት ነበርክ?»

«አጠገብሽ።»

«አጠገቤ ሆነህ ምን አደረግክ?»

«ዝም አልኩ።»

«ዝም ብቻ ነው ያልከው? እኔ ልንገርልህ ወይስ ራስህ ትናገራለህ?»

ወለሉን እያየ ተናገረ። «'ምንም ቢሆን አባትሽ ነው፣ ይቅር በይው' አልኩሽ።»

አቤት! ያን ሌሊት ትዝ አለኝ። እኔ ደረቱ ላይ አልቅሼ፣ እሱ እንባዬን እየጠረገ አባቴን ይቅር እንድል ሲለምነኝ፣ «እንዴት ያለ ደግ ሰው ሰጠኸኝ» ብዬ ፈጣሪዬን አመሰግን ነበር። በሰረቀኝ ዕቃ ላይ ደግነቱን ጨምሮ ሸጠልኝ! እነዚያ ሰዎች ፊት ግን አላለቅስላቸውም ብዬ ማልኩ።

«እነዚህ ሰዎች የሰሙት ዛሬ ነው?» አልኩት።

«ከስድስት ሳምንት በፊት ነግሬያቸዋለሁ።»

«ስድስት ሳምንት! አሥራ አንድ ወንዶች የኔን ሕይወት እያወቁ በየመንገዱ ሰላም ሲሉኝ ከርመዋል ማለት ነው? ዳቦ ስገዛ፣ ታክሲ ስሳፈር?»

ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ብድግ አሉ። «ልጄ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ግን ይህ ሂደት ነው፤ ሰው እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ጥንካሬ...»

«ሂደቱ የሚሄደው በኔ ዓመት ላይ ነው ጋሼ!» ከአፋቸው ነጠቅኳቸው። «እሱ እዚህ መናገር ይለማመዳል፣ እኔ እዚያ አባቴን እረግማለሁ። እሱ ይጠነክራል፣ አባቴ ብቻውን ያረጃል። የዘንድሮው ምዝገባ ትናንት ነው የተዘጋው! ትናንት! ሐሙስ ቢነግረኝ ኖሮ ቅጹን እሞላ ነበር። ግን የቤተሰብ ቀን ደምቆ እንዲውል ቅዳሜን ጠበቃችሁ።»

ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። ሰውዬው ራሳቸውን ለማዳን አልሞከሩም፤ ይህን አልክድባቸውም። «ጠብቅ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ልክ አልነበርኩም።»

ዳቦ ጋጋሪው ቆቡን አውልቆ እጁ ውስጥ አሻሸው። «ያጨበጨብነው ለሱ አይደለም እህቴ» አለኝ። «ለራሳችን ነው። እሱ ከዳነ እኛም እንድናለን ብለን ነው። ያንቺን ነገር ማንም አላሰበም።»

በዚያ ቀን ከሰማሁት ሁሉ የማያስቆጣ ቃል እሱ ብቻ ነበር።

ካቻቢቴ ከኪሱ ፖስታ አወጣና ሰጠኝ። ጠርዙ ላይ የዘይት ጣት አሻራ አለበት። አልተከፈተም። አሥር ወር ሙሉ ውስጡ ያለውን እንኳ ለማንበብ አልደፈረም። እዚያው ቆሜ ቀደድኩት። «ከሦስት መቶ አመልካቾች መካከል በአንደኛ ደረጃ መመረጥዎን ስንገልጽልዎ ታላቅ ደስታ ይሰማናል» ይላል። አንደኛ! እኔ እኮ በመጨረሻ ያስገቡኝ ይመስለኝ ነበር። ታላቅ ደስታው አሥር ወር ዘግይቶ፣ ሞተር ዘይት እየሸተተ፣ ከሌባዬ እጅ ደረሰኝ።

ከዚያ ክፍል ስወጣ ማንም አልተከተለኝም። እንባዬን እስከ በሩ ድረስ ይዤው ነበር።

የአባዬን በር ሳንኳኳ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ራሱ ከፈተ። ፀጉሩ ጨርሶ ነጥቷል። የሹራቡን ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎታል፤ እኔ ቤት ሳለሁ እንዲህ ሆኖ አይወጣም ነበር። ቀሚሴን ከላይ እስከ ታች አየና ያበጠ ዓይኔ ላይ ቆመ።

«ግቢ» አለኝ።

ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። መነጽሩን አደረገ። መጀመሪያ የማኅተሙን ቀን አየ፣ ከዚያ የዘይቱን የጣት አሻራ፣ ከዚያ ጽሑፉን፤ ልክ ችሎት እንደ ተቀመጠ ሰው። «ማን ጋ ነበር?» አለ። ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀ።

«አባዬ፣ ለምን 'አልወሰድኩም' አላልከኝም?»

«አልጠየቅሽኝም።»

«እንዴት አልጠየቅኩህም? እዚችው ቦታ ላይ ቆሜ...»

«'ለምን ወሰድከው?' ነው ያልሽኝ። 'ወስደኸዋል ወይ?' አላልሽኝም።» ድምፁ አልተነሣም፤ ባይነሣም ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። «ሠላሳ አራት ዓመት ስፈርድ ሌባውንም ነፍሰ ገዳዩንም መጀመሪያ 'አድርገሃል ወይ?' ብዬ ነው የምጠይቀው። ልጄ የነፍሰ ገዳይ ያህል እንኳ አልጠየቀችኝም።»

ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ጉልበቱን አቀፍኩት። «ሳልጠይቅህ ፈረድኩብህ። ይቅር በለኝ አባዬ። ሳልጠይቅህ ፈረድኩብህ።» ስንት ጊዜ እንደ ደጋገምኩት አላውቅም። እጁን ራሴ ላይ አሳረፈ፤ እጁ ቀልሏል።

ግን እኔ እኮ የሱ ልጅ ነኝ። እንባዬ ገና ሳይደርቅ ንዴቴ ተመልሶ መጣ። «ስምንት ወር ሙሉ አንዲት ቃል! 'አልወሰድኩም' ብትለኝ ምን ይጎድልብህ ነበር? ታመህ ብትሞትስ ኖሮ? ምን ዓይነት ፍጥረት ናችሁ እናንተ ወንዶች? አንዱ እያጠፋ ዝም፣ አንዱ ሳያጠፋ ዝም!»

«ኩራት ያዘኝ» አለ።

«ኩራት ምን እጅ አለውና ነው የሚይዝህ?»

አባዬ ደነገጠ። ከዚያ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ድሮ የማውቃት ፈገግታ ብቅ አለች። «እሺ» አለ ቀስ ብሎ። «ኮራሁብሽ።»

ቃሉ ሁለት መንገድ እንደሚሄድ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። የትኛውን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። የሹራቡን ቁልፍ ፈትቼ በየቀዳዳው መልሼ ስቆልፍለት ሁለታችንም እናለቅስ ነበር።

በሩ የተንኳኳው ያን ጊዜ ነው። አባዬ እኔን በእጁ ከለከለኝና ራሱ ከፈተ። ካቻቢቴ ነጭ ሸሚዙ በላብ ረጥቦ ቆሟል። የጤና ጣቢያውን መንገድ ሁሉ በእግሩ ነው የመጣው።

«ክቡር ዳኛ» አለ። በሦስት ዓመት ውስጥ አባዬን ሲያናግር የመጀመሪያው ነው። «ደብዳቤውን የደበቅኩት እኔ ነኝ። ልጅዎ እርስዎን ስትጠረጥር እያወቅኩ ዝም አልኩ። ከቤትዎ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አልመጣሁም፤ እርስዎ ከኔ አፍ ሊሰሙት ስለሚገባ ነው።»

አባዬ በሩን በእጁ እንደ ያዘ ነበር። «ግባ ብዬህ አላውቅም» አለ። «ዛሬም አልልህም። ግን ቆመህ የተናገርከውን ሰምቻለሁ።» ወደኔ ዞረ። «የቀረው ያንቺ ጉዳይ ነው።» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

የበሩ ደፍ ላይ እኔና እሱ ብቻ ቀረን። ተናድጄ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ሸሚዙ አንገት ላይ ያልለቀቀችውን የዘይት ነጠብጣብ ሳይ እጄ ሊዳስሳት ፈለገ። ፍቅር እንዲህ ያለ ውርደት ነው፤ የበደለህን ሰው ኮሌታ አስተካክል አስተካክል ያሰኝሃል።

«ለምን?» አልኩት። «ፈራሁ አልክ። ምን ነበር የፈራኸው?»

«እዚያ ተምረሽ ስትመለሺ በዚህ ታፍሪያለሽ ብዬ።» ሁለቱን እጆቹን ዘርግቶ አሳየኝ። ቤንዚን ያልነካው የጥፍሩ ሥር ጥቁር ነው።

«ሦስት ዓመት ይሄን እጅ ይዤ በአደባባይ ስሄድ መቼ አፍሬ አየኸኝ? አባቴ ነው የናቀህ። አንተ ግን የሱን አፍ እኔ አፍ ላይ ገጠምክልኝና በዚያ ቀጣኸኝ። እኔን አልጠየቅከኝም።» አፌ ውስጥ ቃሉ ሲወጣ እኔም አባዬን እንዳልጠየቅኩት አስታወስኩ፤ ድምፄ ለሰከንድ ተሰበረ፣ ግን አላቆምኩም። «የወደድከኝ መስሎህ ነበር። የወደድከው ግን እኔ አጠገብህ መቀመጤን ነው።»

እንባው ወረደ፤ አልጠረገውም። «ምን ላድርግ?»

«እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ሰኞ ጠዋት በአውቶብስ እሄዳለሁ። ይህን ደብዳቤ ይዤ የማሠልጠኛው ኃላፊ በር ላይ እቀመጣለሁ። ምዝገባው ተዘግቷል ቢሉኝ አንደኛ የወጣሁበትን ወረቀት አሳያቸዋለሁ። እስኪያስገቡኝ አልነሣም።»

«ያስገቡሻል» አለ። በእርግጠኝነት ነው ያለው፤ ዓይኖቹም ያን የመጀመሪያውን ቀን ዓይኖች ሆኑብኝ። ያን አስተያየት ስንት ቀን ስናፍቀው ኖሬ አሁን መምጣቱ አበገነኝ። «እ... ልጠብቅሽ?»

ንዴቴ እንደገና ገነፈለ። «አሁንም እኔ እንድወስንልህ ትፈልጋለህ! 'ጠብቅ አለችኝ' ልትል ነው? ወይስ 'አትጠብቅ አለችኝ'? ብትጠብቅ የጠበቅከው አንተ ነህ፣ ብትተወኝም የተውከው አንተ ነህ። እኔ እወድሃለሁ። ደግሞ እሄዳለሁ። ከዚህ ሌላ ከኔ የምትወስደው መልስ የለም።»

በሩን ዘጋሁት። ጀርባዬን አስደግፌው ቆምኩና የእግሩን ኮቴ ጠበቅኩ። ከእንጨቱ ማዶ ትንፋሹ ይሰማኛል። አልሄደም። እጄ መዝጊያው ላይ ነበር፤ አልከፈትኩም።